በቅሎዋ የሰጠችው መልስ
(ለእንስሳት እርባታና ሕክምና ተማሪዎች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። ርዕሱን አይቶ ስለ በቅሎ ሊሰማ የመጣ ካለ ይቅርታ፤ የዛሬው ወሬያችን ስለ ፈረስ ነው። ግን ከበቅሎዋ ልነሳ። «በቅሎ፣ አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች። ሁላችንም በእሷ ስንስቅ ነው ያደግነው። አህያ አባቷን ደብቃ በእናቷ የምትኮራ ጉረኛ አድርገን እናያታለን።

እኔም እንዲሁ ነበርኩ። ሐሳቤን ያስለወጠኝ በሰሜን ጀርመን፣ በሆልሽታይን አገር፣ አንድ የፈረስ እርባታ ውስጥ ጋጣ ስጠርግ የቆየሁባቸው ሦስት ዓመታት ናቸው። እዚያ ውርንጭላ ሊገዛ የሚመጣ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ «የማን ልጅ ነው?» ይላል። «የማን» ሲል የየትኛው ድንጉላ ማለቱ ነው። የድንጉላው ስም ከተጠራ ዋጋው ይወጣል፤ ስም ከሌለው ገዢው ሰዓቱን ማየት ይጀምራል። እናቲቱ እዚያው አጠገቡ ቆማ ሣር እየነጨች «አንቺስ ማን ነሽ?» የሚላት የለም። አንዳንዴ ጭራዋን ስታወዛውዝ ሳያት «እናቴ ፈረስ ናት በይው» ልላት ይቃጣኛል።

ፈረሶቹ ዋርምብለድ የሚባሉት ናቸው። «ሞቃት ደም» ማለት ቢሆንም ከሰውነት ሙቀት ጋር አይገናኝም፤ ለማንኛውም ፈረስ ቴርሞሜትር ብታስገቡ ያው 38 ዲግሪ አካባቢ ነው። አውሮፓውያን ዐረቡንና ቶሮብሬድ የሚባለውን የእሽቅድምድም ፈረስ በችኮላው «ትኩስ ደም» አሉት፤ ማረሻ የሚጎትተውን ግዙፍ ፈረስ ደግሞ በርጋታው «ቀዝቃዛ ደም»። ዋርምብለድ መሐል ላይ ነው። ከገበሬ፣ ከሠረገላና ከፈረሰኛ ጦር ባዝራዎች (ሴት ፈረሶች) በረጅም ዘመን ምርጫና በቶሮብሬድ ድቅል የተገኘ ነው። በሴሌ ከተማ ያለው የሃኖቨር የመንግሥት ድንጉላ ማርቢያ የተቋቋመው በ1735 ነው (የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ትራክተር መጣ፣ ገበሬው ፈረስ አላስፈለገውም፤ አርቢዎቹም ፊታቸውን ወደ ስፖርት አዞሩ። ዛሬ በኦሊምፒክ 1 ሜትር ከ60 የሚሆን መሰናክል ሲዘሉ የምታዩዋቸው ፈረሶች ከሞላ ጎደል ሁሉም የዚህ ሥራ ውጤቶች ናቸው።

በአንደኛው ጸደይ ከአንድ ድንጉላ፣ በሳምንት ልዩነት፣ ሁለት ሴት ውርንጭሎች ተወለዱልን። የወረቀት ስማቸው ረጅም ስለነበረ እኔ በአማርኛ ስም አወጣሁላቸው። አንደኛዋን «ደንባራ»፣ ሁለተኛዋን «ጀግኒት»። አንድ ቀን ነፋስ ያመጣው ፌስታል አጥር ላይ ተሰክቶ ይንኮሻኮሻል። ደንባራ አይታው ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞረች፤ እናቷም ከፊቷ እየሮጠች ነበር። ጀግኒት ሄዳ አሸተተችው፣ ልትበላውም ሞከረች። እናቷ ቀና እንኳን አላለችም። አባታቸው አንድ ነው። «ታዲያ የአባቱን ጠባይ የወረሰችው የትኛዋ ናት?» ብዬ አሠሪዬን ጠየቅሁት። ቆብ አውልቆ ራሱን አከከና ስለ ሌላ ነገር ማውራት ጀመረ።

የዛሬው ንግግሬ የዚያ ጥያቄ መልስ ነው በሉት።

ከዝላዩ እንጀምር። «ይህ ድንጉላ ዝላይ ያወርሳል» ሲባል ዝላይ አንድ ነገር ይመስላል። አይደለም። የኋላ እግር ጉልበት አንድ ነገር ነው። የፊት እግርን አጥፎ ወደ ደረት መሰብሰብ፣ ጀርባን እንደ ቀስት ማጎበጥ ሌላ ነገር ነው፤ ይህ ስልት ነው። ጥንቃቄ ደግሞ አለ፦ አንዳንድ ፈረስ አግዳሚው ሰኮናውን ሲነካው እንደ እሳት ይፈጀዋል፣ ሌላው ሁሉንም አውርዶ ደስ ብሎት ይሄዳል። በመጨረሻ ልብ አለ፤ ከፊቱ ያለውን ግድግዳ አይቶ «እሺ» የሚል ልብ። ችግሩ ጥንቃቄና ልብ ብዙ ጊዜ መቃረናቸው ነው። በጣም የሚጠነቀቅ ፈረስ ትንሽ ሲሳሳት ይፈራል፣ ሲፈራ ይቆማል። ጥሩ አርቢ ማለት እነዚህን ሁለቱን በአንድ ቆዳ ውስጥ ለማኖር ዕድሜውን የሚፈጅ ሰው ነው።

ዝላይን የሚወስን አንድ ዘረመል የለም። በፈረስ ላይ አንድ ዘረመል ብቻውን ትልቅ ነገር የሚሠራበት ጊዜ አለ። ለምሳሌ የአይስላንድ ፈረስ ልዩ አካሄድ፦ በ2012 የታተመ ጥናት ዲኤምአርቲ3 በሚባል ዘረመል ላይ ያለች አንዲት ለውጥ እንዴት ያንን አካሄድ እንደምትከፍት አሳይቷል። ዝላይ እንደዚያ አይደለም። ጡንቻ፣ አጥንት፣ ዐይን፣ ነርቭ፣ ፍርሃት ሁሉ የሚገቡበት፣ እያንዳንዳቸው ጥቂት ጥቂት የሚያዋጡ የብዙ ዘረመሎች ዕቁብ ነው። ዕቁቡ ደግሞ በዕጣ ነው። ፈረስ 32 ጥንድ ክሮሞሶም፣ ማለትም ዘረመሎቹ የተሰደሩባቸው ክሮች አሉት፤ ድንጉላው ለልጁ ከእያንዳንዱ ጥንድ አንዱን ብቻ ይሰጣል። የትኛውን? ዕጣ። ክሮሞሶሞቹ እርስ በርስ የሚለዋወጡትን ቁርጥራጭ ትተን እንኳን የዕጣው ዓይነት ከ4 ቢሊዮን ይበልጣል። በአንድ ድንጉላ ልጆች መካከል ያለው ልዩነት ለምን ሰፊ እንደሆነ አሁን ይገባችኋል። ድንጉላው ራሱን አያወርስም፤ ግማሹን፣ ያንንም በዕጣ ያወርሳል።

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ቃል እንምጣ፦ የውርስ ምጣኔ። በአንድ መንጋ ውስጥ በፈረሶች መካከል ከሚታየው ልዩነት ምን ያህሉ ከዘር የመጣ ነው ማለት ነው። ይህ ቁጥር በብዙ ሰው ዘንድ በስሕተት ይነበባል። 0.3 ሲባል «ልጁ የአባቱን 30 በመቶ ይወርሳል» ማለት አይደለም። በፈረሶቹ መካከል ካለው ልዩነት ወደ ሲሶ የሚጠጋው ከዘር ነው፣ የቀረው ከመኖ፣ ከጋላቢ፣ ከሜዳ፣ ከዕድል ነው ማለት ነው። ፈረሱ ያለ ጋላቢ በታጠረ መስመር ላይ በነፃ ሲዘል ሲመዘን ምጣኔው ከፍ ይላል፤ ከ0.3 እስከ 0.5 የሚደርስ ግምት የተለመደ ነው። ያው ፈረስ አድጎ በውድድር ውጤቱ ሲመዘን ብዙውን ጊዜ ከ0.2 በታች ይወርዳል። ለምን? ዘሩ ስለተለወጠ አይደለም። ውድድር ላይ ጋላቢው አለ፣ የጋላቢው ገንዘብ አለ፣ ፈረሱ ለልጅ ተሽጦ ዝቅተኛ ውድድር ብቻ እየዘለለ ይሆናል፣ እግሩን ታሞ ከርሞ ይሆናል። ልዩነት የሚፈጥሩ ሌሎች ነገሮች ሲበዙ የዘሩ ድርሻ ያንሳል። ገበያ ላይ እንዳለ ድምፅ ነው፤ ሰውዬው የሚናገረው ያው ነው፣ ጫጫታው ግን ያፍነዋል።

ጀርመኖችና ፈረንሳዮች ይህን ጫጫታ ለመቀነስ ብዙ ደክመዋል። አንድን ድንጉላ በራሱ ውጤት ብቻ ሳይሆን በወላጆቹ፣ በእህት ወንድሞቹና በልጆቹ ውጤት አንድ ላይ የሚመዝን፣ ብላፕ የሚባል የስሌት ዘዴ ይጠቀማሉ። በጀርመን አማካዩ 100 ነው፤ ፈረሶቹ ከአማካዩ የሚርቁበት የተለመደ መጠን 20 ነጥብ ስለሆነ 140 ያለው ድንጉላ በእርግጥም ከመንጋው የራቀ ነው። የስሌቱ ትልቁ ጥቅም አድልዎን ማረሙ ነው። ስመ ጥር ድንጉላ ምርጥ ምርጥ ባዝራ ይመጣለታል፤ ልጆቹ ቢዘሉ ምስጋናው ለእሱ ይሁን ወይስ ለእነሱ? ዘዴው የባዝራዎቹን ድርሻ ቀንሶ ነው ለድንጉላው የሚሰጠው። ልጆቹ ሲበዙ ግምቱ ይጠነክራል፤ ሁለት ልጅ ብቻ ያለው ወጣት ድንጉላ ነጥቡ ከፍ ቢልም በዱቤ ነው። እኔ በበኩሌ የጨረታ መጽሔት ላይ ያሸበረቀ ፎቶ ሳይ የምፈልገው ያቺን የአስተማማኝነት ቁጥር ነው። ብዙ ጊዜ በትንሽ ፊደል ነው የምትጻፈው።

ራስ መሆንና ማውረስ የተለያዩ መሆናቸውን ከሁሉ በላይ የሚያሳዩኝ ሁለት ፈረሶች አሉ። አንደኛዋ ሃላ ናት፤ በ1945 የተወለደች፣ የጋሪ እሽቅድምድም ዘር ያለባት፣ በጠባይዋ ያስቸገረች ጀርመናዊት ባዝራ። በ1956 ስቶክሆልም ላይ ጋላቢዋ ሃንስ ጉንተር ቪንክለር በመጀመሪያው ዙር ብሽሽቱ ላይ ተጎዳ። በሁለተኛው ዙር እያቃሰተ ተሸክማው አንድም አግዳሚ ሳታወርድ ወርቁን አመጣችለት። (ጨዋታው ሜልቦርን ሆኖ ሳለ ፈረሶቹ ስቶክሆልም የተወዳደሩት በአውስትራሊያ የኳራንቲን ሕግ ምክንያት ነው። ያ የሜልቦርን ኦሊምፒክ የእኛ አገር የመጀመሪያው መሆኑን ታስታውሱ ይሆናል።) ሃላ ጡረታ ወጥታ ስምንት ልጆች ወለደች። አንዳቸውም እናታቸውን አልሆኑም።

ሁለተኛው ኮር ደ ላ ብሪየር ነው። በ1968 ፈረንሳይ ተወለደ፤ ፈረንሳዮቹ ለእርባታ አልፈለጉትም፣ በ1971 ወደ ሆልሽታይን ሄደ። ትልልቅ ዋንጫ ያሸነፈ ፈረስ አልነበረም። ልጆቹ ግን አንድ ምልክት ነበራቸው፦ የፊት እግራቸውን አጥፈው፣ ጀርባቸውን አጉብጠው መዝለል። የሠራሁበት ጋጣ ውስጥ ያሉ ሽማግሌዎች ስሙን ሲጠሩ ድምፃቸው ዝቅ ይል ነበር። በ2000 እስኪሞት ድረስ የአንድን አገር የፈረስ ዘር ዝላይ ለውጧል።

ስለ ውርስ ሲወራ ስማቸው ከሚነሣ ድንጉላዎች አንዱ ደግሞ ባሉቤ ዱ ሩዌ ነው። ከብራዚላዊው ጋላቢ ከሮድሪጎ ፔሶዋ ጋር የዓለም ዋንጫ ፍጻሜን በ1998፣ በ1999 እና በ2000 በተከታታይ አሸነፈ። በዚያው በ2000 ሲድኒ ኦሊምፒክ ላይ ወርቅ ሲጠበቅበት አልዘልም ብሎ ቆመ፤ ተሰናበቱ። በ2004 አቴንስ ላይ ሁለተኛ ወጥቶ፣ አንደኛ የወጣው ፈረስ በምርመራ ሲሰረዝ ወርቁ ለእነሱ ሆነ። በአንድ ቆዳ ውስጥ ሦስት ዋንጫም እንቢታም ነበሩ። የትኛውን ነው የሚያወርሰው? አሁን 2021ን ተመልከቱ፦ በቶኪዮ ወርቅ የወሰደው ኤክስፕሎዥን የባሉቤ የልጅ ልጅ ነው፤ በእናቱ በኩል። የኤክስፕሎዥን አባት ቻኮ ብሉ ደግሞ የኮር ደ ላ ብሪየር ዘር አለበት፤ ያም በቻኮ ብሉ እናት በኩልም የመጣ ነው። ሁለቱም ታላላቅ ስሞች ወደ ወርቁ የደረሱት በባዝራ ማኅፀን አልፈው ነው። መጽሔቶቹ ግን «የቻኮ ብሉ ልጅ» ብለው ያልፋሉ።

ወደ ጠባይ ልምጣ። በእኛ ቋንቋ ጠባይና አመል የሚባሉ ሁለት ቃላት አሉ፤ እየቀያየርን ብንጠቀምባቸውም እኔ ለዚህ ሥራ እለያቸዋለሁ። ጠባይ ይዞት የተወለደው ነው፦ ድንጉጥነቱ፣ የማወቅ ጉጉቱ፣ ከመንጋ ሲለይ የሚሆነው። አመል ሰው ወይም ኑሮ ያስለመደው ነው፦ መንከስ፣ ኮርቻ ሲያይ መሸሽ። ድንጉላው ሊያወርስ የሚችለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው። ገዢው የሚያየው ግን የሁለቱን ድምር ነው።

ጠባይ በእርግጥ ከዘር ይመጣል ወይ? አዎ፣ በከፊል። ጃፓናውያን ተመራማሪዎች በ2005 ባወጡት ጥናት ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክተኛ የሚቀበለውን አካል በሚሠራ ዘረመል ላይ ያለ ልዩነት ከወጣት ቶሮብሬዶች ጉጉትና ንቁነት ጋር ሲሄድ አግኝተዋል። በፈረንሳይ በተደረጉ የድንጋጤ ፈተናዎችም የአንድ ድንጉላ ልጆች እርስ በርስ መመሳሰላቸው ታይቷል። ስለዚህ አባት የለበትም የሚል ሰው ተሳስቷል። ግን ድንጉላዎቹ ራሳቸው እንዴት እንደሚመዘኑ ልንገራችሁ። በጀርመን ወጣት ድንጉላ ለእርባታ ከተፈቀደለት በኋላ ማሠልጠኛ ገብቶ ይፈተናል፤ ድሮ 100 ቀን ነበር፣ ከዚያ 70 ሆነ፣ ኋላም አጠር ባሉ ፈተናዎች ተተካ። ለጠባይ፣ ለፈቃደኝነት፣ ለመጋለብ ቀላልነት ነጥብ ይሰጠዋል። በሰዓቱ የበላ፣ በየቀኑ በባለሙያ የተጋለበ ድንጉላ ነው። ነጥቦቹም ከ7 እስከ 9 መሐል ታጭቀው ታገኟቸዋላችሁ፤ «ይህ ድንጉላ ክፉ ነው» ብሎ ዝቅ ያለ ቁጥር መጻፍ የሚደፍር ዳኛ ጥቂት ነው። ሁሉም ጨዋ ከተባለ የጨዋ ልጅ መምረጥ አይቻልም። ለዝላዩ ያለን ሚዛን ለጠባዩ የለንም።

አሁን እናቲቱ ወደቆመችበት ልሂድ። ድንጉላው ልጁን አያውቀውም። ዛሬ አብዛኛው የዋርምብለድ ውርንጭላ የሚፀነሰው በሰው ሠራሽ ማዳቀል ነው፤ አባት በሳጥን ታሽጎ በፖስታ መኪና ይመጣል። ግማሹን ዘር ሰጥቶ ይሰናበታል። እናቲቱ የራሷን ግማሽ ትሰጣለች፤ በሴሎቹ ውስጥ ኃይል የሚያመነጨው ማይቶኮንድሪያ ከእሷ ብቻ ይመጣል፤ 11 ወር ትሸከመዋለች፤ ጡት እስኪጥል አምስት ስድስት ወር ከጎኑ ናት። ማኅፀን ራሱ ይወስናል። በ1938 ዋልተንና ሃመንድ የተባሉ ሳይንቲስቶች እንግሊዝ አገር ግዙፉን ሻየርና ትንሹን ሼትላንድ በሰው ሠራሽ ማዳቀል አዋለዱ። የዘር ድብልቁ አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ከሻየር እናት የተወለዱት ከሼትላንድ እናት ከተወለዱት ሦስት እጥፍ ያህል ይከብዱ ነበር። እናት በማኅፀኗ ልክ ነው የምትወልደው።

የፍርሃት ትምህርትም አለ። ፈረንሳይ ውስጥ የተደረገና በ2005 የታተመ አንድ ቀላል ሙከራ በጣም እወዳለሁ። ከወለዱ በኋላ በነበሩት አምስት ቀናት ባዝራዎቹን በየቀኑ ሩብ ሰዓት ያህል በቀስታ ቦረሿቸው። ውርንጭሎቹን አልነኳቸውም፤ ቆመው ብቻ ያያሉ። ውርንጭሎቹ በኋላ ሰው ሲቀርባቸው እናቶቻቸው ካልተቦረሹት ይልቅ ደፋሮች ነበሩ፤ ውጤቱም ከረመ። እናቱ የምታምነውን ያምናል። እንግዲህ ደንባራ ከፌስታሉ ስትሸሽ ከፊቷ ማን ይሮጥ እንደነበር አስታውሱ።

ነገሩ የሚወሳሰበው ሀብታሞቹ አርቢዎች ጽንስ ማዘዋወር ሲጀምሩ ነው። ተወዳዳሪዋ ባዝራ ውድድሯን እንዳታቋርጥ ጽንሷ ወጥቶ በሌላ ባዝራ ማኅፀን ይቀመጣል። የዘር እናት አንዷ፣ የማኅፀንና የወተት እናት ሌላዋ። ያቺ ተሸካሚ ደንባራ ብትሆንስ? ስለ እሷ መጽሔቱ ላይ መስመር አይጻፍም።

ዘር ሁሉን ይወስናል የሚል ሰው ካለ ደግሞ ጄም ትዊስትን አስታውሱልኝ። የተኮላሸ አሜሪካዊ አምባላይ ፈረስ ነበር፤ በ1988 ሴኡል ኦሊምፒክ ብር ያመጣ። ስለተኮላሸ ልጅ አልነበረውም። ከሞተ በኋላ፣ በ2008፣ ከሴሉ ጀሚናይ የተባለ ቅጂ ተወለደ። ቅጂው የተፈለገው ለእርባታ ነበር፤ የኦሊምፒክ ዝላይ ይደግማል ብሎ በቁም ነገር የጠበቀ አልነበረም። ፊደሉ አንድ ነው፤ የሚያነበው ሕይወት ግን ሌላ ነው።

እስካሁን ለበቅሎዋ ጠበቃ ሆኜላታለሁ፤ ግን እውነቱን መደበቅ አልወድም። በ2013 አሜሪካውያን ተመራማሪዎች የፈረስና የአህያ ዲቃሎችን እንግዴ ልጅ መረመሩ። ዲቃላ ጥሩ ነው፣ የቱ ዘረመል ከእናት፣ የቱ ከአባት እንደመጣ በግልጽ ይለያል። አንዳንድ ዘረመሎች ከማን እንደመጡ እየታየ ነው የሚሠሩት፤ የአንዱ ወላጅ ሲናገር የሌላው ዝም ይላል። በእንግዴ ልጁ ውስጥ ደግሞ የሚናገሩት በብዛት የአባት ናቸው። ማለትም በቅሎዋ «እናቴ ፈረስ ናት» እያለች በተኛችበት ማኅፀን ውስጥ፣ ምግቧን የሚያመጣላት አካል የአህያ አባቷን ትእዛዝ ነበር የሚሰማው። ሳነበው ብቻዬን ሳቅሁ።

ከጥያቄዎቹ አንዱ፦ አንድ ወጣት «ዋርምብለድ ድንጉላ አምጥተን ከአገራችን ባዝራ ብናዳቅል ዘላይ አይወጣም ወይ?» አለኝ። ልጄ፣ ሊወጣ ይችላል። ግን ፈረሱ አውሮፓ ሳለ ያልተዋጋው የአፍሪካ የፈረስ በሽታ እዚህ ይጠብቀዋል፤ በጥቃቅን ተናካሽ ዝንቦች ይተላለፋል፣ አዲስ መጤ ፈረስን ክፉኛ ይገድላል። የእኛዋ ባዝራ ይህን ኑሮ ለምዳ የኖረች ናት፤ ደጋ ወጥታ፣ ቁልቁል ወርዳ፣ በገለባ ከርማ። ሳጥኑን ከማዘዝህ በፊት የየትኛው ሰፈር ባዝራ ከእነማን እንደተወለደች፣ ልጆቿ ምን እንደሠሩ የሚጻፍበት አንድ ደብተር ግዛ። ሆልሽታይኖች የእናት መስመሮቻቸውን በቁጥር መዝግበው ይይዛሉ፤ ከእነሱ ከምንወስደው ሁሉ ርካሹ እሱ ነው።

አንዲት እህት ደግሞ «ደንባራ የት ደረሰች?» አለች። ደንባራ ለውድድር አልሆነችም፤ ባዝራ ሆና ቀረች። ባለፈው ጸደይ ወንድ ወለደች። እዚያ የቀረው ባልደረባዬ ቪዲዮ ላከልኝ፦ ነፋስ፣ አጥር፣ የተሰካ ፌስታል፣ እንደዚያ ቀን። ደንባራ እንደ ልማዷ ተፈናጥራ ሜዳውን ዞረች። ውርንጭላው ሁለት እርምጃ ተከተላት፣ ቆመ፣ ዞሮ አየ፣ ተመልሶ ሄዶ ፌስታሉን አሸተተው። ቪዲዮውን ሦስት ጊዜ አየሁት። ከዚያ ምን ብዬ መለስኩለት መሰላችሁ?

«አባቱ ማን ነው?»